ከባሕር ላይ የሚቀየር ቻናል

በእኛ ብሎክ ውስጥ ቻናል የሚነጠቅበት ቤት አንድ ብቻ ቀርቷል። የሉባባ ቤት ነው።

ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ኮምቦልቻ ሰላም ናት። አመሻሽ ላይ በረንዳዬ ላይ ቆሜ የጎረቤቶቼን መስኮት ሳይ፣ አምስት ሰው አንድ ግድግዳ ፊት ተደርድሮ ይቀመጣል፤ አምስቱም የየራሱን ያያል። የእያንዳንዱ ስልክ የሚወደውን ያውቅለታል፤ ግድግዳው ለእሱ ዓይን ብቻ ያሳየዋል፣ ለእሱ ጆሮ ብቻ ያሰማዋል። አንዱ ሲስቅ ከጎኑ ያለችው ታለቅሳለች። እሱ ለምን እንዳለቀሰች አይጠይቅም፤ እሷም እሱ ለምን እንደሳቀ ጉዳይዋ አይደለም። ባልና ሚስት በቻናል የሚጣሉበትን ዘመን የሚያስታውሱት በዕድሜ የገፉት ብቻ ናቸው። እኔ እንድሪስም ከእነሱ መቆጠር ከጀመርኩ ሰንበትበት ብያለሁ።

ልጅ ሳለሁ ሪሞት የሚባል ነገር ነበር። አባቴ ከነላስቲኩ ነበር የሚይዘው፤ ላስቲኩን ያወለቀ ልጅ ወየውለት። ባትሪው ሲደክም መዳፉ ላይ መታ መታ ያደርገዋል፤ እንቢ ካለ ባትሪውን አውጥቶ በጥርሱ ይነክሰዋል፤ እሱም ካልሠራ መስኮት ላይ ፀሐይ ያስመታዋል። አባቴ ወጣ ሲል ሪሞቱ ላይ የሚደረገው ትግል ለርስት የሚደረግ ነበር የሚመስለው። ኋላ ስልክ ሪሞቱን ተካው። ስልክ ያለው ሁሉ ከተቀመጠበት ይቀይር ጀመር፤ አንድ ቴሌቪዥን ሰባት ሪሞት ኖረው። ጠቡ ሲብስ ደግሞ «የአባወራ ስልክ» የሚባል ነገር መጣ። ከቤቱ ስልኮች አንዱ አባወራ ተብሎ ይመዘገባል፤ እሱ ሲቀይር የሌላው ሁሉ ይሸነፋል፤ ባለቤቱ የትም አገር ይሁን። ብዙም ሳይቆይ የየራስ ግድግዳ መጣና አባወራ መሆን ለማንም የማይረባ ማዕረግ ሆነ። የኛ ሰው ግን ቃል ቶሎ አይጥልም። ዛሬም ሴት ልጅ ስታገባ «ሪሞቱን ሰጠችው» ይባላል።

ሉባባ ሪሞቱን የሰጠችው ለይመር ነው።

ይመር ቀይ ባሕር ላይ በሚንሳፈፈው የውሃ ማጣሪያ ሊሠራ ከሄደ ሰባት ዓመት አልፎታል። እኛ ቧንቧ ከፍተን የምንጠጣው ውሃ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ እዚህ አገር ባሏን የምትናፍቅ ሴት ቧንቧ በከፈተች ቁጥር ታስታውሰዋለች። ለሁለት ዓመት ብሎ ነበር የሄደው። በመጀመሪያው ዓመት ዓርብ ዓርብ ይደውል ነበር። ቀጥሎ ተወ። ስትደውልለት ይጠራል፤ አይነሳም። መልእክት ትልካለች፤ ይደርሳል፤ መልስ የለም።

ቻናሉን ግን ይቀይራል።

የሉባባ ግድግዳ አሮጌ ነው፤ ለተቀመጠው ሁሉ አንድ ነገር የሚያሳይ የጋራ ግድግዳ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ድራማዋን ከፍታ ትቀመጣለች። ድራማው ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ኳስ ይሆናል። ይመር ነው፣ ከባሕር ላይ። ሉባባ ስልኳን አንስታ ወደ ድራማው ትመልሳለች። ትንሽ ይታገሥና እንደገና ኳስ ያደርገዋል። እሷ ስትመልስ እሱ ሲቀይር፣ እንዲህ ሲሻሙ ያመሻሉ።

«ወይ ይሄ ሰውዬ! ዛሬም ድራማዬን ቆረጠብኝ እኮ!» ትላለች ጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ። ፊቷን ያየ ግን ታማርራለች አይልም። ሚስቶች ሁሉ ባላቸውን የሚያሙት እንዳላቸው ለማሳወቅ ነው፤ ይህ ከድሮም የነበረ ነው። ሰዎች ይመር እዚያ ሌላ አግብቷል ብለው ሲያወሩ ወሬው ደርሷት ነበር። «ያግባ» አለች። «ሪሞቱን ግን አልለቀቀም።»

ማታ ማታ እዚያ ቤት የምንሰበሰበው ሁለት ነን። አንዷ እትዬ ትርንጎ ናቸው፣ ከታችኛው ፎቅ። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጆቻቸው ሦስት ዘመናዊ ግድግዳ አስገብተውላቸዋል። «ቤትዎ ምን አጥተው ነው የሚመጡት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ምንም አላጣሁ» አሉኝ፤ «የሚነካኝ ሰው ነው ያጣሁት። እዚህ ቢያንስ ይመር ይበጠብጠኛል።» ኳስ ሲመጣባቸው ደረታቸውን ይደቃሉ፣ ይመርን በስሙ ጠርተው ይረግሙታል፣ ድራማው ሲመለስ ያመሰግናሉ። ቤታቸው ሲመለሱ ፊታቸው ወዝ ይኖረዋል።

ሌላው እኔ ነኝ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽኖቹ ሲሠሩ አያለሁ፤ ሥራዬ ማየት ብቻ ነው። ሚስት ነበረችኝ። አንድ ቀን እንኳ ሳንጣላ ነው የተለያየነው። እሷ የሷን ስታይ፣ እኔ የኔን ሳይ ዓመታት አለፉ፤ አንድ ምሽት ከጎኔ ስትነሳ ወጥ ልታሞቅ የሄደች መስሎኝ ነበር። ለካስ ሻንጣዋን ይዛ ወጥታ ነበር። ቻናል ብትቀይርብኝ ኖሮ ዘወር ብዬ አያት ነበር።

ሉባባን እወዳታለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እትዬ ትርንጎ ግን ሳልነግራቸው ያውቃሉ። ሴትዮዋ ከሌላ ወንድ ጋር እየተሻማች እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ የሁለቱን ጨዋታ አያለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ሞኝነት ካለ ይነገረኝ። ግን ደግሞ ከዚያ ቤት ሌላ ቀኑን ሙሉ የምጠብቀው ነገር የለኝም።

ነገሩ የመጣው ሰኞ ማታ ነው። ድራማው እየሄደ ሳለ ግድግዳው በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። ድራማም አይደለም፣ ኳስም አይደለም። ሉባባ ሳቀች፤ ይመር ስልኩን የጣለው መስሏት ነው። ከዚያ አንዲት ለስላሳ ድምፅ ተናገረች።

«ውድ ደንበኛችን፤ የዚህ ግድግዳ አባወራ ስልክ ለሰባት ዓመት ወደ ቤቱ አልገባም። እስከ ሐሙስ ምሽት ካልተረጋገጠ ይሰረዛል። ግድግዳዎም ወደ የየራስ አገልግሎት ይዛወራል። እንኳን ደስ አለዎት።»

ድራማው ተመለሰ። ማንም አላየውም።

«ይሰረዛል ማለት?» አለች ሉባባ።

«ይመር መቀየር አይችልም ማለት ነው» አልኩ።

«ኧረ ምን በወጣው!» አሉ እትዬ ትርንጎ። «በገዛ ቤቱ?»

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ወረዳ ሄድኩ። ተራ ስንጠብቅ ሻሿን ስታስተካክል፣ እንደገና ስትፈታ፣ እንደገና ስታስር ቆየች። የተቀበለችን ልጅ ትሑት ነበረች፤ እንደ ሉባባ ጉዳይ ያለ ነገር በቀን ብዙ ጊዜ የምትሰማ መሆኗ ከድምፅዋ ያስታውቃል።

«እናቴ፣ አይጨነቁ፤ ቀላል ነው» አለች። «ዝም ካሉ ሐሙስ በራሱ ይሰረዛል፣ ዘመናዊው ይገባልዎታል። አሮጌውን ከወደዱት ደግሞ እርስዎ እማወራ ሆነው ይመዝገቡ። ሪሞቱ የእርስዎ ይሆናል፤ ማንም አይነካብዎትም።»

«ከራሴ ጋር ልሻማ?» አለች ሉባባ።

ልጅቷ አልገባትም። ወደ እኔ ዞረች። «ወይ ሌላ አባወራ መተካት ይቻላል። እርስዎ ነዎት የሚተኩት?»

ጆሮዬ ጋለ። «ጎረቤት ነኝ» አልኩ። ሉባባ ከተነሳንበት ሰዓት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ሳቀች።

«እሱ እንዳይሰረዝ ከፈለጉ» አለች ልጅቷ፣ «ለስልኩ ጥያቄ እንልካለን። አባወራው ነኝ ብሎ በቃሉ ካረጋገጠ አለቀ።»

«ጥሪ አያነሳም እኮ» አለች ሉባባ።

«የእኛን ያነሳል። ሳያነሳ ስልኩ ሌላ ነገር አይሠራለትም፤ ግድግዳም አይቀይርም።»

«የማን ድምፅ እንደሆነ ትለያላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኛ እሺታውን ነው የምንይዘው፤ ድምፁ የማን እንደሆነ አይመለከተንም» አለች። ቀጥላ እንደዋዛ፣ «ስለ ቤቱ የሚላክ ማንኛውም መልእክት እስካሁን የሚሄደው ለእሱ ስልክ ነበር። ደርሶት ይሆናል፣ አላየው ይሆናል። የስረዛ ማስታወቂያ ብቻ ነው በግድግዳ የሚመጣው።»

ስለ ቤቱ የሚላክ ሁሉ የሚሄደው ለይመር ከሆነ፣ ይመር ራሱ አንድ ነገር ቢሆን እንኳ ወሬው የሚደርሰው ለይመር ነው። ሉባባን አየኋት። ይህን እሷም አስባው እንደሆነ ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም።

ስንመለስ በቦርከና ድልድይ በኩል በእግራችን ሄድን። ወንዙ እንደሁልጊዜው ጭቃ ነበር። ድልድዩ መሐል ላይ ቆመች።

«እንድሪስ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይመር ነው ትላለህ?»

«ሌላ ማን ይሆናል?» አልኩ። የፈሪ መልስ ነበር።

«ይመር እኮ አይታገሥም ነበር» አለች። «ታውቀው የለም? ኳስ ካለ ኳስ ነው፤ እናቴ ልታይ ብትመጣ እንኳ አይለቅላትም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እንዲያ ነበር የሚያደርገኝ፤ ሰላም አይሰጠኝም። አሁን ግን ድራማው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ዝም ብሎ ያስጨርሰኛል። የሚያለቅሱበት ቦታ ላይ አይነካኝም። ይመር መቼ ነው ይህን ያወቀው?»

«ሰው ባሕር ላይ ይለዝባል።»

«ይመር?» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። «እናቴ የሞተች ጊዜ ግድግዳውን አልከፈትኩትም፤ ታስታውሳለህ። ሰው ከተበተነ በኋላ ስከፍተው መንዙማ ነበር። እኔ አላደረግሁትም። ስልኬ ሌላ ክፍል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መንዙማ ብቻ። ኳስ የለ፣ ምን የለ። እኔ ደግሞ ይመር እንዲህ ተለውጦልኛል ብዬ አለቀስኩ፤ ለእናቴ ካለቀስኩት በላይ አለቀስኩ። ሲያልቅ ምን ትዝ አለኝ መሰለህ? ይመር መንዙማ አይወድም። እንቅልፌን ያመጣዋል ነበር የሚለው።»

«አብሽሪ» አልኳት። አይዞሽ ማለት ነው፤ ቃል ሲጠፋ የምንለው።

«ካልጠየቅኩ ሐሙስ ይቆረጣል። ከጠየቅኩ ደግሞ…» የድልድዩን ብረት በጣቷ ጫረችው። «የሚሻማኝ ሰው ነው ያለኝ። ሌላ ምን አለኝ?»

እኔ አለሁ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከባሕር ላይ የሚሻማት ሰው ፊት እኔ ምን ነኝ? ድራማዋን አብሬ ከማየት በቀር አንድ ቀን እንኳ የነጠቅኋት ነገር የለም።

«ይላክ» አልኳት።

«ይላክ» አለች እሷም፤ ወደ ቤታችን ሄድን።

ረቡዕ እትዬ ትርንጎ ደረጃው ላይ ያዙኝ። ዘንቢላቸውን አስቀመጡና ወገባቸውን ያዙ።

«አንተ፣ እንዲሰረዝ ተመኝተሃል አይደል?»

«ተመኝቻለሁ» አልኩ። እሳቸውን መዋሸት ድካም ነው።

«መመኘት አይከለከልም። እኔ ደግሞ እንዳይሰረዝ ለገብርኤል ተስያለሁ። እንግዲህ የማን እንደሚሰማ እናያለን።» ዘንቢሉን አንስተው ጥቂት ደረጃ ወረዱና ዞር አሉ። «አንተን ጠልቼ እንዳይመስልህ። ቢሰረዝ ሁላችንም ወደየቤታችን መግባታችን ነው። ያኔ አንተም እሷን አታገኛትም፤ በየግድግዳችን ነው የምንቀረው። አስበኸዋል?»

አላሰብኩትም ነበር።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሦስታችንም ቀደም ብለን ተቀመጥን። ሉባባ ቤቱን አጽድታ፣ የሶፋውን ልብስ ቀይራ፣ ራሷም አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ለድምፅ ጥሪ ማን እንዲህ ይለብሳል? እሷ ለበሰች። ሻይ ቀዳችልን፤ የማንም ሻይ አልተጠጣም። ግድግዳው ላይ ድራማው ይሄዳል። ባለታሪኳ ልጅ የጠፋ ወንድሟን ጣቢያ ላይ የምትጠብቅበት ክፍል ነበር። ማንም ቻናሉን አልነካም።

ግድግዳው ነጭ ሆነ። ለስላሳዋ ድምፅ፣ «ጥያቄው ተልኳል፤ እባክዎ ይጠብቁ» አለች።

ጠበቅን። እትዬ ትርንጎ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ገብርኤልን ሳያስፈራሩት አይቀሩም። እኔ መልስ እንዳይመጣ እፈልጋለሁ፣ ደግሞም እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ሉባባ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ ልክ እንግዳ በር ላይ እንደሚቀበል ሰው ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

መጀመሪያ የመጣው የንፋስ ድምፅ ነው። ከንፋሱ ሥር ደግሞ ውሃ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሄሎ» አለ።

ይመር አልነበረም። በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ አማርኛው የቆላ አማርኛ ነው። የሉባባ ፊት ሲጠቁር አየሁ፤ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

«ሄሎ» አለች።

«ሉባባ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንዴት ነሽ፣ ሉባባ? ደህና ነሽ ወይ? ጤናሽ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ?»

«ደህና። ደህና ነኝ። ዝናቡስ? እናንተ ጋ ዝናቡ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ጥሎልናል።»

ሰውየው ሰላምታውን ማርዘም ፈልጓል። ሁላችንም እንዲያረዝመው ፈልገናል። ግን ሰላምታ ያልቃል፤ አለቀ። ንፋሱ ብቻ ቀረ።

«ሉባባ» አለ። «ከጎንሽ ሰው አለ?»

የኛ አገር ሰው ይህን ጥያቄ ከሰማ ሌላ መስማት አያስፈልገውም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ብቻዋን ላለች ሴት ደግሞ ጨርሶ አይነገርም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ግድግዳው ሁሉን በሚያወራበት በዚህ ዘመን እንኳ ይህን ደፍሮ የነካ የለም። ሰውየው የይመርን ስልክ ይህን ያህል ዓመት ለምን እንደያዘ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ ሰው እየጠበቀ ነበር፤ መርዶውን በአካል የሚያደርስ። ሰው አልተገኘም። ቻናሉ ዝም ካለ ደግሞ ብቻዋን ሆና ታውቃለች። ስለዚህ መቀየሩን አላቋረጠም። ሲቀይር ድራማውን ማየት ጀመረ። ሲያይ ደግሞ የምታለቅስበትን ቦታ እየለየ መጣ።

እትዬ ትርንጎ እጃቸው ወደ ሻሻቸው ሄደ፤ ሊፈቱት ነው፣ ሊጮኹ ነው። እኔ ተነሳሁ። «አለን» ልል ነው። እዚህ ነን፣ ከጎኗ ነን፣ ተናገር ልለው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል ለመናገር የፈለግሁት ቃል የለም።

ሉባባ ሳታየኝ እጇን አነሳችብኝ። መዳፏን ዘርግታ፣ ልጅ ዝም እንደሚሰኝ።

«የለም» አለች። «ብቻዬን ነኝ።»

ንፋሱ ነፈሰ።

«ጎረቤትስ?» አለ ሰውየው። «ጎረቤት አይመጣም? ቅርብ የሆነ ዘመድ…»

«ጎረቤትም የለኝም። ማንም የለኝም።»

ይህን የተናገረችው ከእኔ አንድ ክንድ ርቃ ተቀምጣ ነው። ትንፋሽዋ ይሰማኛል።

«እንግዲያ…» አለ። ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። ምስኪን ሰው፣ ደግ ሰው፤ ሕጉን እንደኛው ያውቃል፣ ሊያልፈው አይችልም። «እንግዲያ ሰው ሲኖርሽ ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርሃለሁ።»

«ጠብቄ ነበር እኮ። ብዙ ጠብቄያለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ሉባባ። «ትንሽ ጠብቀኝ።»

ለስላሳዋ ድምፅ ገባች። «የዚህ ቤት አባወራ መሆንዎን ያረጋግጡ።»

በውሃውና በንፋሱ መሐል የሚያመነታ ሰው ትንፋሽ ነበር። ባልሆነው ነገር ሊምል ነው፤ ያውም በሞተ ሰው ቦታ። ለስላሳዋ ድምፅ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀች። ሉባባ ወደ ግድግዳው ጎንበስ አለች። «በል እንጂ» አለች፤ ልመና ነበር፣ ቁጣም ነበረበት፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«አዎ» አለ ሰውየው። «ነኝ።»

«እናመሰግናለን» አለች ለስላሳዋ ድምፅ። ድራማው ካቆመበት ቀጠለ። ጥሪው ግን አልተዘጋም፤ የባሕሩ ድምፅ ከድራማው ሥር እንዳለ ነው። ሰውየው መዝጋት አልቻለበትም ወይም አልፈለገም።

«ቀይረው» አለችው ሉባባ።

«ድራማሽ አላለቀም እኮ። ወንድሟ ሊመጣ ነው።»

«ቀይረው፣ ኳስ አድርገው።»

ኳስ ሆነ። ሁለት የማናውቃቸው ቡድኖች አረንጓዴ ሜዳ ላይ ይሯሯጣሉ። የሉባባ ስልክ ጭኗ ላይ ነበር። አላነሳችውም። እንዲሁ ኳሱን እያየች እንባዋ ወረደ፤ ድምፅ የለውም፤ አፍንጫዋን እንኳ አልሳበችም፣ ባሕር ላይ ያለው እንዳይሰማ። እትዬ ትርንጎ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወትፈው ለቅሷቸውን ያፍናሉ። እኛ እዚያ ቤት የለንም ተብሏል፤ የሌለ ሰው አያለቅስም። አጠገቧ ሄጄ ልይዛት አልችልም፤ ክንዴ ተዘርግቶ ቢገኝ መርዶው ይነገራልና።

እትዬ ትርንጎን በዓይኔ ጠቀስኳቸው። ተነሱ። ምንጣፉን እየረገጥን፣ ወለሉን እየሸሸን በሩ ጋ ደረስን። ሉባባ አልዞረችም። ከግድግዳው ሰውየው፣ «ሉባባ፣ አለሽ?» ሲል ሰማሁት፤ «አለሁ» አለችው።

በሩን በቀስታ ከፈትኩ። ደረጃው ላይ ኮቴዬ እንዳይሰማ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ።